ያልተገጠመው ጋሪ

አናጺው ባዘዘው በገዛ ግቢው ሞቶ ተገኘ፤ ሁለት የመኪና ጎማዎች የሚያያይዝ ከባድ የብረት ዘንግ ደረቱ ላይ ተጋድሞበታል። በተቀበረ ማግስት አንጥረኛው በላቸው ታሰረ። የበላቸው ሚስት ጥላነሽ መጥታ ከሕግ አዋቂው ከእንዳላማው ደጅ ላይ ተደፋች።

«ጌታው፣ ጣልያኖች ቅዳሜ ማርቆስ ገበያ መሐል ባሌን ሊሰቅሉት ነው። መዶሻው ከሬሳው አጠገብ ተገኘ አሉ። ባዘዘው ተውሶት እኮ ነው!»

«እኔ ዳኛ አይደለሁ፣ ሹም አይደለሁ፤ ምን ላድርግልሽ?»

«እርስዎ ባሕር ማዶ የተማሩ ነዎት። ለአንጥረኛ ማን ይመሰክርለታል? ቡዳ ነው ብለው አፋቸውን ይይዛሉ።»

እንዳላማው ቤይሩት ሕግ ተምሮ የተመለሰው ጣልያን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነበር። የተማረው ሕግ የሚዳኝበት አገር ሳያገኝ ቀረ። በጣልያን ችሎት አያምንም፤ አገሬው ተሰብስቦ ወንጀለኛ በሚያወጣበት አውጫጭኝም አያምንም፤ በራሱማ ጭራሽ። ቢሆንም በቅሎውን ጫነ።

የባዘዘው መንደር ከአማኑኤል ከተማ አለፍ ብሎ፣ ከገደል አፋፍ ላይ ነው። በባዘዘው ግቢ ሁሉ ነገር በወጉ ተደርድሯል። ሁለት ጎማ ከግድግዳው ተደግፏል። ከበርሜል የተቀደደ ላሜራ ተቀጥቅጦ ተዘርግቷል። እርጥብ የዋንዛ ጣውላ እንዲጎብጥ ድንጋይ ተጭኖታል። ከደጃፉ የተሰቀለው የበሬ ቆዳ ላይ በከሰል የተሳለ ነገር አለ፤ ፊቱ ድቡልቡል፣ ኋላው እየቀጠነ የሚሄድ፣ ከጉንጭ ሊወርድ ያለ እንባ የመሰለ፣ በሁለት ጎማ የቆመ፣ በቅሎ የሚጎትተው ቤት።

«ለእኔ ነው» አለች ደብሪቱ፣ የሟቹ ሚስት፣ ከመደቡ ሳትነሣ። ከወለደች ወዲህ ወገቧ አይታዘዝላትም። «አዲስ አበባ ሐኪም አለ ሲሉ ሰማ። በቃሬዛ ብሄድ መንገድ ላይ እቀራለሁ፤ ተኝቼ የምሄድበት ነው። በገመድ ሲለካኝ ‹ምነው፣ ሳልሞት መቃብሬን ትለካለህ?› ብዬ ስቄበት ነበር።»

«ሲገጥም ነው ብረቱ የወደቀበት ይላሉ።»

«የምን መግጠም? ሁሉ ሳይሟላ አንድ ምስማር አልመታም ብሎ ምሎልኛል። በፊት አንድ በር ጀምሮ እንጨት አንሶት መንደሩ ሁሉ ተሳልቆበታል። አንድ ባሌስትራ ጎድሎት ነበር፤ ጎማው ሲነጥር የሚያለዝበው ብረት። በአንዱ ብቻ ከሄድን ወገብሽ አይተርፍም አለኝ። ገደሉ ውስጥ ከወደቀው የጣልያን ካሚዮን ሊፈታ እንደወረደ... ሲመለስ አልሰማሁም። ጧት ጎረቤት ሲጮህ ነው የነቃሁ።»

ሬሳውን ከገነዙት አንዱ የመንደሩ ጭቃ ሹም ቢያዝን ነበሩ።

«ማጅራቱ ደቅቋል፤ ደረቱ ግን እምብዛም አልተጎዳ» አሉ። «ጸጉሩ ውስጥ አሸዋ ነበር። ይኸ ግቢ ጥቁር አፈር ነው፣ አሸዋ ከየት ይመጣል?»

«በቀብሩ ላይ ያልነበረ ሰው አለ?»

«ሁሉም ነበር፤ አንጥረኛውም ከሩቅ ቆሞ አልቅሷል። የደብሪቱ ወንድም አንሙት ብቻ ራሴን አሞኝ ብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ቀረ። መስቀልም አልተሳለመ፤ ሐዘን ነው እንግዲህ። እሱ ልጅ ዛሬ ታየ ከተባለ ለወር ጫካ ይጠፋል።»

በዚህ መሐል የጣልያን አስተርጓሚው አስማማው ሁለት ወታደር አስከትሎ ገባ።

«የቤይሩቱ ሊቅ! ሬሳ ከተቀበረ ሐኪም መጣ?»

«ጎማውን አምጣ ብለህ ባዘዘው ላይ ዝተህበት ነበር አሉ» አለ እንዳላማው።

«የመንግሥት ብረት ነዋ። ብፈልግ በጠራራ ፀሐይ በወታደር አስጭነዋለሁ፤ ብዬ ብዬ ሰው ልግደልበት? ነገ አውጫጭኙ ላይ ገዳይ ካላወጣህ አንጥረኛህን እሰቅልልሃለሁ።»

እንዳላማው ገደሉን ወረደ። ካሚዮኑ ከወንዙ አሸዋ ላይ በጎኑ ተኝቷል። የባሌስትራው ቡሎን ግማሹ ተፈትቷል፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ላይ ደም ደርቋል። ከካሚዮኑ ሆድ ሥር ጭድ ተጎዝጉዟል። ገለጥ ሲያደርገው በዘይት ጨርቅ የተጠቀለሉ ጠመንጃዎች አገኘ። የአርበኞች መሆናቸውን ለማወቅ ቤይሩት መማር አያስፈልግም። ካሚዮኑን የሚፈታ ሰው ይህን ሳያገኝ አይመለስም። ጭዱን መልሶ ከደነው። አስማማው ይህን ቢሰማ አገሩ በእሳት እንደሚጠፋ ያውቃል።

ሽቅብ ሲመለስ አንሙትን ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ አገኘው።

«ገደል ወርደው ኖሯል ጌታው። ምን አዩ?»

«ካሚዮን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላየሁም።»

«ነገ የሚወርድም ሌላ አያገኝ» አለ አንሙት አንገቱን ደፍቶ። አላመሰገነም።

በማግስቱ አገሬው ከሾላው ሥር ተሰበሰበ። አስማማው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በላቸውን በሰንሰለት አምጥተው አቆሙት። እንዳላማው ተነሣ።

«ባዘዘው ሲገጥም አልሞተም። ሁሉ ሳይሟላ ሥራ አይጀምርም፤ ባሌስትራ ጎድሎት ነበር። ዘንጉን የጫነበት ሰው ይህን አላወቀም። ማጅራቱ ተመትቶ፣ ጸጉሩ አሸዋ ይዞ ነው የተገኘው። የሞተው ገደሉ ውስጥ፣ ካሚዮኑን ሲፈታ ነው።»

«እሺ፣ ማን ገደለው?» አለ አስማማው።

«ቀስ በል። ገዳዩ ሬሳውን ለምን ያን ቀጥ ያለ አቀበት ተሸክሞ አወጣው? እዚያው ቢተወው ጅብ ይጨርሰው ነበር፤ ሬሳ የለ፣ ጠያቂ የለ። ጠላቱ ቢሆን ይተወዋል። አንተም ብትሆን ትተወው ነበር።»

ከሕዝቡ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። አስማማው ዞሮ ሲያይ ቀጥ አለ።

«በላቸውስ? አንጥረኛ ሬሳ ተሸክሞ ቢታይ ቡዳ በላው ተብሎ እዚያው ይወገራል። ያንን ደፍሮ ቢያደርግ እንኳ መዶሻውን ምልክት አድርጎ አይሄድም። ባዘዘውን የተሸከመው፣ ፍትሐት ሳያገኝ ለጅብ ሲሰጥ ማየት ያልቻለ ሰው ነው። ገድሎታል፤ ግን ይወደው ነበር። ያስቀበረውን ሰው ደግሞ ተከትሎ ቅጽር መግባት አልቻለም፤ ደም እጁ ላይ አለና። ጣልያንን ሊዋሽ ይችላል፤ ታቦቱን መዋሸት ግን ፈራ።»

ስም መጥራት አላስፈለገውም። ሕዝቡ ሁሉ ወደ አንሙት ዞረ።

«አይድከሙ» አለ አንሙት ተነሥቶ። «ተው ብዬ ብለምነው እንቢ አለኝ፤ በድንጋይ መታሁት።»

«ምኑን ተው አልከው?» አለ አስማማው ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

አንሙት እንዳላማውን አንዴ አየው፤ ከዚያ ወደ አስተርጓሚው ዞረ።

«ርስቴን። እህቴን ይዞ አዲስ አበባ ሊሄድ፣ የእናታችንን መሬት ለባዳ ሊያከራይ ነበር።»

«እውነት ነው?» ሲል አስማማው እንዳላማውን ጠየቀው።

«እውነት ነው» አለ እንዳላማው። በሕይወቱ እንደዚያ ቶሎ ዋሽቶ አያውቅም።

አንሙትን የኋሊት አሰሩት። እንዳላማው ወደ በላቸው ሰንሰለት እጁን ዘረጋ። «እንግዲህ ይህን ሰው ፍቱት።»

«ለምን?» አለ አስማማው። «ነፍስ አላጠፋም፣ እሺ። ባዘዘው የሞተው የመንግሥት ካሚዮን ሲፈታ ነው ያልከው አንተ ነህ። መዶሻውን ያዋሰው ደግሞ እሱ ነው። የመንግሥት ንብረት ያፈረሰና ያስፈረሰ ቅጣቱ ገመድ ነው፤ አዋጁን አልሰማህም?»

«መዶሻ ማዋስ ወንጀል ነው?»

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ የተናገርከውን እተረጉማለሁ። አሳምረህ ነው የተናገርከው።»

ጭቃ ሹሙ ለማማለድ ብድግ ሲሉ ወታደሩ በሰደፍ መልሶ አስቀመጣቸው። ሁለቱን እስረኞች በአንድ ገመድ ቀጥለው ይዘዋቸው ሄዱ። ሕዝቡ እንዳላማውን ሳያይ ተበተነ፤ ከሾላው ሥር ብቻውን ቀረ።

ጥላነሽ ያኔ በታችኛው መንገድ እየሮጠች ደረሰች። ገዳዩ መገኘቱን ሰምታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አልሰማችም። አገልግሏን አስቀምጣ ጉልበቱን ሳመችው።

«እድሜዎን ያርዝመው፣ ጌታው! እስር ቤት ምን አብልተውት ይሆን ብዬ ትኩሱን ይዤ መጣሁ። ወዴት ሄደ? መንገድ ተላለፍን እንዴ?»

እንዳላማው ዐረብኛ ያውቃል፣ ፈረንሳይኛ ያውቃል። እጁን አንሥቶ የማርቆስን መንገድ አሳያት።

«ቆሞ ይጠብቀኛል እንግዲያ» አለችና አገልግሏን አንሥታ ሮጠች።