ድምፅ ያጣው አሉሚኒየም

ናዝራዊት የጋራዡን በር ስትከፍት አባቷ ጉልላት ከሥራ ጠረጴዛው ፊት ወንበሩ ላይ ነበር። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል፣ እጁ ቀዝቅዟል፤ የጋዝ ማሞቂያውም ነዳጁን ጨርሶ ጠፍቷል። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። ከጩኸቱ ሥር ግን አንድ ሐሳብ ልቧን ያዘው። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ማታ ተጣልተው በሩን በላዩ ላይ የዘጋችው ደግሞ እሷ ናት።

ጉልላት ካልገሪ ከተማ፣ ዶቨር ሰፈር ውስጥ በአንድ ነገር ይታወቃል። ፋብሪካ ተቀጥሮ ሳለ በትርፍ ሰዓቱ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሙሉ ቀን፣ ተርኪ የሚሉትን ትልቅ የዱር ዶሮ መጥሪያ ለአዳኞች ይሠራል። መዳፍ የምታህል ክብ የእንጨት ጣባ ይቀርጽና ፊቷን በአሉሚኒየም ይከድናል፤ አሉሚኒየሙ በቀጭን እንጨት ሲጫር እንደ ሴቷ የዱር ተርኪ ይጮኻል፣ ወንዱ ወፍም ሰምቶ ይመጣል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «እኛ ነፍስ እንጠራለን፣ አንተ ዶሮ ትጠራለህ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቅና ወደ ጋራዡ ይመለሳል። ዘንድሮ የአደኑ ወቅት ሲቃረብ ሥራ በዛበትና ናዝራዊትን ሊያገባ ከሚፈልገው ልጅ ቤተሰቦች ጋር የነበረውን ቀጠሮ ረሳው። ጠቡ የመጣው ከዚያ ነው።

ሐኪሞቹ የገደለው የማሞቂያው መርዘኛ ጋዝ ነው አሉ። ጉልላት ግን ማሞቂያውን ሲያበራ በሩን በጉማጅ እንጨት ደግፎ ገርበብ ሳያደርገው አይቀመጥም ነበር። ታዲያ ማን ዘጋው? ይህን እንድታጣራ ድንገተኛ ሞት የሚመረምረው ቢሮ ሸዋወርቅን ላከ። ሸዋወርቅ አዲስ አበባ ፖሊስ የነበረች፣ ካልገሪ መጥታም ሬሳ ስትመረምር ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ጥያቄዋ አጭር፣ ዝምታዋ ረጅም ነው። ዋሾ የሚፈራው ደግሞ ዝምታዋን ነው።

«ስትወጪ በሩ እንዴት ነበር?» አለቻት ናዝራዊትን።

«ኦፕን ነበር።»

ሸዋወርቅ ዝም አለች። ናዝራዊት መሬቱን አየች፣ ጣቶቿን አየች።

«እሱስ ምን እየሠራ ነበር?»

«አዲስ አሉሚኒየም ይዞ ነበር። ላይክ፣ ገና ያልተነካ። እንደ መስታወት ያበራል፤ የተቆጣ ፊቴን አየሁበት።»

ሸዋወርቅ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን መጥሪያ አነሳች። የቀሩት ሁሉ አልቀው ተጠቅልለዋል፤ ከመጠቅለያው ውጭ ያለው ይኸው ብቻ ነው። ፊቱ ፈዟል፤ ምንም አያበራም።

የሥራውን ነገር ክብረትን ጠየቀችው። ክብረት ማርልቦሮ ሰፈር የሚኖር፣ ከጉልላት ጋር አብሮ የሚሠራ ጎልማሳ ነው፤ ሥራውን በማሽን እናድርገው እያለ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ስለከረመ የለቀስተኛው ዓይን መጀመሪያ ያረፈው እሱ ላይ ነበር። አዲስ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ አይጮኽም አላት። በሸካራ ብርጭቆ ወረቀት፣ ወዲያና ወዲህ ሳይባል በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ብልጭታው እስኪጠፋ ይፋቃል፤ ድምፅ የሚሰጠውም እንጨቱ ያንን መስመር አቋርጦ ሲጫር ነው። ጉልላት ደግሞ አንዱን ፍቆ ሳይጨርስ፣ ጮኾም ሳይሰማው ከእጁ አያስቀምጥም።

«በል ሞክረው» አለችው።

ክብረት መጥሪያውን በጠርዙ ይዞ ጫረው። በአንዱ በኩል አጥርቶ ጮኸ። በሌላው በኩል እንጨቱ እየተንሸራተተ አለፈ፤ ድምፅ የለም።

«ዘይት ነክቶታል» አለ ክብረት ግራ ተጋብቶ። «እዚህ ቤት ፊቱን በጣቱ የሚነካ የለም፣ እትዬ። የጣት ወዝ እንኳ ድምፁን ይገድለዋል። ናዝራዊት ሕፃን ሆና ስንት ጊዜ እጇን ተመታለች።»

ናዝራዊት ይህን ሁሉ ከበሩ አጠገብ ቆማ ሰማች። ለቀስተኛው «አይዞሽ» ባላት ቁጥር የማይገባትን የምትቀበል ይመስላት ነበር። ከዚያ በላይ መሸከም አቃታትና የአባቷን ወዳጅ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ ሩቤንን ወደ ማዕድ ቤት ጠርታ ተናዘዘችለት።

«ጋሽ ሩቤን፣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጉማጁን በእግሬ መትቼ ስኖው ውስጥ ጣልኩት። አባዬን እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ሩቤን እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ጸለየላትና ጌታ ይቅር ብሎሻል፣ ለማንም አትናገሪ አላት። ይቅርታው ግን ወደ ውስጥ አልዘለቀላትም። በማግስቱ ሸዋወርቅ እሷን፣ ክብረትንና ሩቤንን ጋራዡ ውስጥ ስትሰበስብ ናዝራዊት ቁርጧን አውቃ ነበር የገባችው።

«ዋሽቻለሁ» አለች ሌላው ሳይናገር። «በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«ጠርጥሬ ነበር» አለች ሸዋወርቅ። «ጉማጁንስ?»

«ውጪ ስኖው ውስጥ ወረወርኩት።»

«ታዲያ እኛ ስንመጣ ጠረጴዛው ላይ ምን ይሠራ ነበር?»

ሸዋወርቅ ጉማጁን አንስታ አሳየቻት።

«በረዶ ውስጥ የወደቀ እንጨት አቧራው ይታጠባል» አለች ሸዋወርቅ ቀስ ብላ። «ይህ ግን በአሉሚኒየም ብናኝ ተሸፍኗል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ አባትሽ ወጥቶ ፈልጎ አመጣው። በሩን መልሶ ከፍቶ በጉማጁ ደገፈው፤ ከዚያ ያንን የሚያበራውን አሉሚኒየም ፍቆ ጨረሰ። ብናኙም ያኔ አረፈበት። አባትሽ ሲሠራ በሩ ክፍት ነበር፣ ልጄ።»

ናዝራዊት ጉማጁን ልትነካ እጇን ዘረጋች። ክብረት ክንዷን ያዘ።

«ከብናኙ በላይ ደግሞ የአውራ ጣት ምልክት አለ» ስትል ቀጠለች ሸዋወርቅ። «ዘይት ነው፤ ሽቶ ያለው የወይራ ዘይት። አሉሚኒየሙ ላይም ያለው እሱው ነው። ጉልላት ፊቱን አይነካም፣ ክብረት አይነካም፣ ይህች ልጅም ተመትታ ተምራለች። የነካው የሥራውን ሕግ የማያውቅ፣ እጁ ዘይት ላይ የዋለ ሰው ነው። ያን ዕለት ማታ በቤተ ክርስቲያን የጸሎት ፕሮግራም ሕሙማኑን ዘይት የቀባ ማን ነበር?»

ክብረት ቀና ብሎ ሩቤንን አየው። ሩቤን ከፕሮግራሙ በቀጥታ ማርቲንዴል ወዳለው ቤቱ እንደሄደ ተናግሮ ነበር።

«እጄን በመሐረብ ጠርጌው ነበር» አለ ሩቤን። «ሰላም ልለው ብመጣ እንቅልፍ ወስዶታል። መጥሪያው ከእጁ ሊወድቅ ሲል አንስቼ አስቀመጥኩት። ብርድ ይገባ ነበር። ብርድ እንዳይመታው ብዬ ጉማጁን አነሳሁና በሩን ዘግቼ ሄድኩ።»

«ከሰል አንድደው፣ በር ዘግተው የሞቱ ሰዎች አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። ከሰል ቢሆን ቀስቅሼ አወጣው ነበር። ይሄ ግን ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። ሂተር ነው ብዬ…»

«እሱ ስህተት ነው» አለች ሸዋወርቅ። «ዝምታዎ ግን ስህተት አይደለም፤ በደል ነው።»

ናዝራዊት ወደ ሩቤን ተጠጋች። «ስነግርዎት ያውቁ ነበር?»

«ልነግርሽ ስመጣ አንቺ ቀደምሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ፣ ስትነግሪኝ ቀለለኝ። እሷ ከዘጋችው እኔ አይደለሁም አልኩ። ክፍት ሆኖ ማግኘቴን እያወቅሁ።»

«በሩን ስለዘጉ አልቀየምዎትም» አለች ናዝራዊት። «ለአባዬ አስበው ነው። ግን እጅዎን ራሴ ላይ ጭነው በራስዎ ጥፋት እኔን ይቅር አሉኝ።»

ሩቤን ጎንበስ ብሎ ይቅር በይኝ አላት። ለቅሶ ላይ ይቅርታ የተጠየቀ ሰው እምቢ አይልምና ሁሉም እሺታዋን ጠበቁ።

«ዛሬ አይሆንም፣ ጋሽ ሩቤን።»

ከዚያ አባቷ በሞተበት ወንበር ላይ ተቀምጣ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ጉልላት ከሞተ ወዲህ እንደ ገዳዩ ሳይሆን ልጁ ሆና ስታለቅስለት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።