የአቶ ዳንጊሶ መንታ አጥንት

አቶ ዳንጊሶ ገና መንገድ ላይ ሳሉ የዳሌ አጥንታቸው ሐዋሳ ላቦራቶሪ ውስጥ ተሰበረ።

ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ኢንጂነር ኬሪያ የምትሰብረው መንታ አጥንት ነው፤ የታማሚው አጥንት በጨረር ተነብቦ ቅንጣት በቅንጣት የሚሠራ ቅጂ። መንታው በመጭመቂያው ማሽን ውስጥ ምን ያህል እንደሚችል ሲታወቅ ሐኪሞቹ የታማሚውን ዳሌ እንዴት እንደሚያክሙ ይወስናሉ። ኬሪያን ያስደነገጣት ሌላ ነው፤ መንታው የሰውየውን የገዛ ክብደት እንኳ አልቻለም። በሽታው ውስጡን እንደ ስፖንጅ በሳስቶታል።

ወዲያው ደወለች።

«አባባ፣ እባክዎ ከተቀመጡበት እንዳይነሱ! አምቡላንስ ልልክ ነው።»

«ምን አምቡላንስ ያስፈልጋል ልጄ? በራችሁ ላይ እኮ ነኝ።»

ሮጣ ወጣች። አቶ ዳንጊሶ ደረጃውን እየወጡ ነበር፤ ያውም ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዶርቃን አዝለው። ወይዘሮዋን እግራቸው ከከዳቸው ዓመታት አልፈዋል። የሚራመድ ወንበር ቢታዘዝላቸውም ባልየው «እኔ እያለሁ ሚስቴን ብረት አይሸከማትም» ብለው መልሰውታል።

ኬሪያ ማሽኑ ተበላሽቷል ብላ ፈተሸችው። ደህና ነው። ለመጠባበቂያ የተሠራውን ሁለተኛ መንታ እንደ መጀመሪያው ቀጥ አድርጋ ልታስገባ ስትል የአቶ ዳንጊሶ የደረጃ አወጣጥ ትዝ አላት፤ ከወገባቸው ጎንበስ፣ ወደ ግራ ጋደል ብለው ነበር። አጥንቱን ልክ እንደዚያ አጋድማ ጫነችው።

ቻለ። ጨመረችበት፤ ቻለ። የሁለት ሰው ክብደት አልፎ የጤነኛ ጎረምሳ አጥንት ከሚሰበርበትም አለፈ። በስክሪኑ ላይ ውስጡን ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። በሽታው ሌላውን ሲበላ፣ የሚስታቸው ሸክም ለዓመታት ባለፈበት መስመር ላይ አጥንቱ ጥቅጥቅ ያሉ ምሰሶዎችን አቁሟል።

ሐኪሞቹ መገጣጠሚያውን አውጥተው በብረት ሊተኩት ነበር፤ ተዉት። ምሰሶዎቹን ሳይነኩ የተበላውን ብቻ በአዲስ ሕዋስ ሞሉት። አቶ ዳንጊሶ አገግመው ቀጥ ብለው መራመድ ሲጀምሩ ኬሪያ ሁለቱንም አስቀምጣ ምስጢሩን አስረዳቻቸው።

ወይዘሮ ዶርቃ የባላቸውን ክንድ ያዝ አደረጉ።

«ሐኪም ሁሉ ‹እሷን ተሸክመህ ዳሌህን ጨረስከው› ሲለው እሰማ ነበር» አሉ። «ስንቴ አውርደኝ ብዬ አልቅሼበታለሁ መሰለሽ።»

መንታውን አጥንት ተቀብለው ጭናቸው ላይ አገላበጡት። ከዚያ ቀና አሉ፤ ፊታቸው በራ።

«ታዲያ ይህን ምሰሶ ያቆምኩት እኔ ነኛ!»

አቶ ዳንጊሶ ሳቁ።

«ድሮስ ማን ሊሆን ኖሯል?»