አራት ጭብጨባ

ኑሀ ሰሌዳው ፊት ቆማ አራት ጊዜ አጨበጨበች። «ት፣ ራ፣ ቫ፣ ይ!» አለች፣ የመጀመሪያዋን ጫን አድርጋ። የፈረንሳይኛ ክበቡ አውካካ። ቶይባም ሳቀች፤ ሳቁ ካመለጣት በኋላ ነው ያፈረችው።

ኑሀን እንዲያ ብላ ያስጠናቻት ራሷ ቶይባ ነበረች። አዋቂ ነኝ ባይ አይደለች! «ይሠራሉ» የሚለውን የፈረንሳይኛ ግስ በአማርኛ ፊደል ጻፈችና፣ «የቃሉን ቀለም፣ ማለት የድምፅ ክፍሉን፣ ማወቅ ቀላል ነው፤ ፊደሉን ቁጠሪ፣ ለእያንዳንዱ አጨብጭቢ» አለቻት። ኑሀም አመነቻት። ከሮቢት ስትመጣ ሚኒባስ ውስጥ እያጨበጨበች ስትለማመድ፣ ተሳፋሪው መንዙማ የምታጠና መስሎት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ግን ቶይባ በወንድሟ ስልክ ቪዲዮ ላይ አንዲት ፈረንሳዊት ቃሉን ስትለው ሰማች። ሁለት ቀለም ብቻ ነው፦ ትራ-ቫይ። ጫን ተብሎ የሚነገረውም የመጨረሻው ነው። ለኑሀ ልትደውል ስልኩን አነሳች። «ተሳስቼ ነው» ማለት አሳፈራትና መልሳ አስቀመጠችው። ነገ እነግራታለሁ ስትል ክበቡ የሚሰበሰብበት ቅዳሜ ደረሰ።

«ማነው እንዲህ ብሎ ያስጠናሽ?» አሉ መምህር ከማሉዲን። ፈረንሳይኛውን የለመዱት ጅቡቲ ወደብ ሲሠሩ ነው።

ኑሀ ቶይባን አየት አደረገቻትና አቀረቀረች። «ማንም አይደለም፣ ቲቸር። በራሴ ነው።»

ቶይባ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«እሺ ቶይባ፣ ነይ እስቲ አንቺ። ቃሉን በየቀለሙ በትክክል ከከፈልሽው አዲሶቹን ልጆች የምታስጠኚው አንቺ ነሽ።»

ይህን ቦታ ዓመቱን ሙሉ ስትመኘው ኖራለች። ወጣች። ሁለቴ ማጨብጨብ ብቻ ነበር የቀራት።

«ቲቸር፣ ኑሀን ያስጠናኋት እኔ ነኝ» አለች። «ተሳስቼ ነው።»

ኑሀ ቀና ብላ ፈገግ አለችላት።

«አይዞሽ፣ ያጋጥማል» አሉ መምህሩ። «በይ አሁን አጨብጭቢ።»

እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ማንም ሌላ ነገር አልጠየቃትም። የኑሀ ፈገግታ ግን ከሳቁ ሁሉ ይበልጥ አሳፈራት።

«አልጨረስኩም» አለች። «ስህተት መሆኑን ሐሙስ ዕለት አውቄ ነበር። ወላሂ፣ አውቄ ነው ዝም ያልኳት።»

የኑሀ ፈገግታ ከፊቷ ጠፋ። ቶይባ ዓይኗን አልሰበረችም፤ ጓደኛዋ የምትላትን ለመስማት እዚያው ቆማ ጠበቀች።