ስም ያልተጠራበት ፎቶ

ስርጉት ፎቶውን የላከችለት እንዲናፍቃት እንጂ እንዲያስተምርበት አልነበረም።

የአፈር ባለሙያው ወልደ ኪዳን ከሞጣ ለሥራ ብቸና በመጣ ጊዜ የተዋወቁት ከአባቷ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ምንጩ ዳር ነው። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

«ጀሪካንሽ እስኪሞላ ተዋውቀን እንጨርሳለን» ሲላት ሳቀች።

ዓመት ሳይዞር ምንጩ ደረቀ። እሷም ፎቶ አንስታ ላከችለት፤ «የተገናኘንበት ቦታ እንዲህ ሆነልህ» ብላ።

እሱ ደግሞ ባለሙያዎች ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ አየር ንብረትና ስለ ዲጂታል ግብርና በሚናገሩበት የብቸና ስብሰባ ላይ «ምንጩን ያደረቀው ባሕር ዛፍ ነው» እያለ ፎቶውን ግድግዳው ላይ አበራው። ስም ካልጠራሁ ማን ያውቃል ብሎ! የማን ባሕር ዛፍ እንደሆነ ከአጥሩ የማይለይ የብቸና ሰው ያለ ይመስል። አዳራሹ ሳይበተን ፎቶው በቴሌግራም አገር አዳረሰ።

የወልደ ኪዳን ሽማግሌዎች ስርጉትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሲመጡ አባቷ አቶ አምላኩ ከደጅ መለሷቸው።

«ምንጭ አድራቂ ብሎኝ ሊዛመደኝ? እዚያው ቆሞ ተሳስቻለሁ ይበል!»

ሌላ ስብሰባ ሲጠራ ስርጉት ለመነችው። «አንዲት ቃል ናት። በላትና ተጋብተን እንረፍ።»

ወልደ ኪዳን ተነሣ። አባቷ ከፊት ተቀምጠዋል።

«ባለቤቱን ሳልጠይቅ ፎቶውን ማሳየቴ ነውር ነው። አቶ አምላኩ ይቅር ይበሉኝ። ውሃውን የጠጣው ግን ባሕር ዛፉ ነው። እሱን ነቅለው በምን እንደሚኖሩ አልነገርኳቸውም፤ እኔም መልሱን አላገኘሁትም።»

አቶ አምላኩ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

«አንተ እልኸኛ!» አለችው ስርጉት ደጅ ላይ። «ምን ነበረበት ብትላት?»

«ዛሬ ላንቺ ስል ብዋሽ፣ ነገ የምነግርሽን ታምኛለሽ?»

በንዴት ፊቷን አዞረችበት። እሱም አያት፣ አያትና የሞጣ መኪና ውስጥ ገባ።

ቤት ስትደርስ አባቷ እየጠበቋት ነበር።

«አየሽው አይደል?»

«አየሁት አባባ። ለእኔ ሲል እንኳ አልዋሸም። እንዲህ ያለ ሰው እኔን መቼ ይዋሸኛል? ከእሱ የተሻለ ማን ሊመጣልኝ ነው?»

አቶ አምላኩ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«ነውር ነው አለ፤ በሰው ፊት።»

«ሰምተውታል እኮ።»

«ሰምቻለሁ። የባሕር ዛፉን ነገር ቁጭ ብለን እንጨቃጨቅበታለን። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይምጡ።»

ለወልደ ኪዳን ብትደውል፣ ብትደውል ኔትወርክ የለም። በማግስቱ ሞጣ ወረደች። ዛሬም ስብሰባ ላይ ነው። በሩን ስትከፍተው ንግግሩ አፉ ላይ ቀረ።

«ምነው ስርጉት? አባትሽ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። እሑድ ሽማግሌ ላክ ብለውሃል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። ወልደ ኪዳን ማይኩን እንደጨበጠ ወረደና አጠገቧ ቆመ።

«መንገዱ አላደከመሽም?»

«አናደደኝ እንጂ አላደከመኝም» አለችው። «አንተም እንደዚያው ነህ።»