የአንድ ሳንባ ከተማ

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዶክተር ምንትዋብ፣ ከሞተች ሦስት መቶ አርባ ዓመት ያለፋትን አንዲት ባለቅኔ እርጉዝ ሆና አገኘቻት።

«ስድስት ወር ገብቷታል» አለች፣ የሻይ ብርጭቆዋን ሳታስቀምጥ።

አጠገቧ የተቀመጠው ባልደረባዋ ኢንጂነር ደምመላሽ ቀና ብሎም አላያት። ምኑ ይገርማል? ባለፈው ሳምንት ሪህ ያንገላታው አንድ ደብተራ አግኝታ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ አስም ያለባቸው ሁለት ወንድማማቾች።

በጉና ተራራ አናት ላይ የተሠራው የምርምር ቤት ለእንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አልነበረም። ቤቱ በዓለም ካሉት ሁሉ ይበልጣል፤ ጢሙን ተላጭቶ ከአንዱ በር የገባ ሰው በሌላው በር ሲወጣ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሶ ነው። ከከዋክብት የሚመጣውን ሞገድ የሚያዳምጡት ሳህኖቹማ፣ ጁፒተር ላይ ዝንብ ብታስነጥስ «ይማርሽ» ሊሏት ይችላሉ። ከሁሉም በላይ የሚያኮራው ግን ትንፋሽ-ሰፋሪው ነበር።

ትንፋሽ-ሰፋሪ ግጥም ሰጥተውት ሰው የሚመልስ መሣሪያ ነው። ገጣሚው የጠቀሰው ኮከብ ካለ፣ ኮከቡ መቼና ከየት እንደታየ ያሰላል። ቦታው ከፍታውን ይነግረዋል፤ ከፍታው የአየሩን ስስነት። ከዚያ ቃል በቃል እየረገጠ ገጣሚው የት ላይ እንደተነፈሰ ይቆጥራል። በዚያ አየር ውስጥ እንዲህ የሚተነፍስ ሳንባ ስንት ይይዛል? እንዲህ ያለውን ሳንባ የሚያገለግል ልብ ደግሞ እንዴት ይመታል? እያለ፣ እያለ፣ አፈር የበላውን ሰው ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ በስሌት ያቆመዋል። ምንትዋብ ግማሽ ዕድሜዋን የሰጠችው ለዚህ መሣሪያ ነው።

ረቡዕ ዕለት፣ ቤቱን የከበበው ከተማ መቶኛ ዓመት በዓል እየተቃረበ ነበርና፣ በሕይወት ያሉ የከተማውን ገጣሚዎች ሥራ ሁሉ አጎረሰችው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጣሚ። መሣሪያው አኘከ፣ አላመጠ፣ መለሰ።

«ተበላሽቷል» አለች ምንትዋብ።

«ምኑ?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሰጥቼው አንድ ሰው መለሰልኝ። አንድ ሳንባ፣ አንድ ልብ። በደቂቃ ስልሳ ስድስት ምት፣ በየአራት ሰኮንድ ተኩል አንድ ትንፋሽ። የዘጠና ዓመቷ እማማም እሱ፣ የሃያ ዓመቱ ጎረምሳም እሱ!»

ደምመላሽ ሳቀ። «ተሰራርቀው ይሆናላ! ገጣሚ ደግሞ ይታመናል?»

ሦስት ቀን ሙሉ የከዋክብቱን ሰንጠረዥ አንድ በአንድ ፈተሸች። ስሕተት የለም። የጥንቱን ብራና ደግማ ብትሰጠው እርጉዟ እርጉዝ ሆና፣ ሪሃሙም ሪሃም ሆኖ ተመለሱ። የሞቱት ሁሉ ለየቅል ናቸው። አንድ የሆኑት ያሉት ናቸው።

ነገሩ የገባት ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ደረጃ ወጥታ እጇን ደረቷ ላይ ስታደርግ ነው። ልቧ ትንሽ ፈጠነና ወዲያው ወደ ልኩ ተመለሰ።

ልብ-መሪ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር ናት። ከአንገት አጥንት ሥር ትቀበራለች፤ ደምመላሽና ከእሱ በፊት የነበሩት መሐንዲሶች የቀመሩትን የጤነኛ አካል ስሌት ይዛ ልብንና ትንፋሽን ትመራለች። በሕግ፣ በከተማው የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ከስሙ በፊት እሷን ያገኛል፤ ቀድሞ የተወለደውም ተተክላለታለች። ስድሳ ዓመት ሙሉ በልብ ሕመም የሞተ አልታየም፤ ሐኪሞቹ ሥራ ፈትተው ገበጣ ይጫወታሉ።

«ስሌቱ የማን አካል ነው?» ብላ ደምመላሽን ጠየቀችው።

«የማንም። የሁሉም አማካይ ነው።»

«እኔ ውስጥ ያለው ማንም ነው ማለት ነዋ።»

«ምንትዋብ፣ ሰው መሞቱን አቆመ እኮ! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ልቧ ሊደነግጥ ፈለገ፤ ስልሳ ስድስት ላይ ተያዘ።

በከተማው ልብ-መሪ ያልተተከለላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የብራናው ክፍል ጠባቂ መምህር ልሳነወርቅ። ወላጅ አልባዋን ምንትዋብን በልጅነቷ ቅኔ ያስተማሯት፣ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሕጉ ሳይወጣ ተወልደው፣ ከወጣም በኋላ እምቢ ብለው የቀሩ። ቅኔያቸው ተራራ ያነቃንቅ ነበር፤ የሚያሳዝነው ተራራ ብቻ ነው የሚሰማቸው። ሌላው አድማጭ አሥር ስንኝ ሳይሞላ ራሱን ይዞ ይወጣል። እሳቸው ሲያቆሙ እሱ ገና ሊተነፍስ ነው፤ እሱ ሲተነፍስ እሳቸው ጋልበዋል።

ደግሞም የማይጣስ ደንብ ነበራቸው። ቅኔ አንዴ ይባላል፤ አይደገምም፣ አይጻፍም። «የሚደገም ነገር ከፈለጋችሁ ደወል አለላችሁ» ይላሉ።

ምንትዋብ ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ መቅጃ በኪሷ ደብቃ ሄደች። እሳቸው በዚያው ዕለት ንጋት ስላዩት አጥቢያ ኮከብ ቅኔ ዘረፉላት። ይዛው ሮጠች። መሣሪያው ለረጅም ጊዜ ካሰላ በኋላ በከተማው ውስጥ ታይቶ የማይታወቅ ደረት አወጣላት፤ ወደ ግራ ያዘመመ፣ ሦስቴ ሮጦ አንዴ የሚደናቀፍ፣ ከማንም ጋር የማይገጥም። ከሥሩ አንድ መስመር ነበር። የልቡ በር እየተቀደደ ነው፤ አሥራ ስምንት ቀን።

በማግስቱ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«የኔታ፣ ልብዎ ታሟል።»

«ሰማንያ አንድ ዓመት ሠርቶ ምን ይሁንልሽ? እስክስታ ይውረድ?»

«አሥራ ስምንት ቀን ነው የቀረዎት። ልብ-መሪ ቢተከልልዎ ግን ሃያ ዓመት...»

«በምን አወቅሽ?»

እጇ ወደ ኪሷ ሄደ። አዩዋት።

«ሰረቅሽኝ?»

«የኔታ...»

«ስሚ፣ ምንቴ። የሰው ልብ አልዋስም። የራሴው ይግደለኝ፤ አብሮኝ የኖረ እሱ ነው።»

«እኔስ? ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?»

«አንቺማ ሁሉም አለሽ» አሉና ራሷን ዳበሱ። «ከተማው በሙሉ ያንቺኑ ልብ ይዞ የለም?»

አሥራ ስምንቱ ሳይሞላ፣ በአሥራ አራተኛው ቀን ብራናው ክፍል ውስጥ ወድቀው ተገኙ። ሕክምና ክፍል ስትደርስ ደምመላሽ የፈቃድ ሰሌዳውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ልብ-መሪዎቹን የሚያስተካክል እሱ ስለሆነ ሐኪሞቹ ጠርተውታል።

«ዘመድ ብለው ያስመዘገቡት አንቺን ነው። አውራ ጣትሽን አሳርፊ።»

«አልፈልግም ብለዋል።»

«አሁን ምንም አይሉም። ሃያ ደቂቃ ነው ያላቸው፤ አንቺ ነሽ የምትወስኚው።»

ተኝተው አየቻቸው። ደረታቸው ሦስቴ ሮጦ ይደናቀፋል፤ ይቆማል፤ እንደገና ይነሣል። እያንዳንዱ መቆም ከጉና እስከ ጣና የሚደርስ ርዝመት ነበረው። ምንትዋብ አውራ ጣቷን አሳረፈች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። በኋላ ቁጭ ብላ ስታስበው ያስፈራት ይኸው ነው፤ እርጋታው የማን ነበር?

የኔታ በሦስተኛው ቀን ተነሥተው ምሳ ጠየቁ። ከአንገታቸው አጥንት ሥር ስላለችው ትንሽ ጠባሳ «ምንድን ነው?» ቢሏት፣ «ሲወድቁ የተጫሩት ነው» አለች። አመኗት።

በበዓሉ ዕለት አደባባዩ ላይ ሠላሳ ሺህ ሰው ነበር፤ የቆጠሩት ሦስት መቶ ሺህ ይላሉ። መምህር ልሳነወርቅ መድረክ ላይ ወጡ። ሰዉ ራሱን ሊይዝ ተዘጋጀ።

ጀመሩ። አንድ ስንኝ ብለው አቆሙ፤ ሕዝቡ ተነፈሰ። ቀጠሉ፣ አቆሙ፤ ሕዝቡ ተነፈሰ። ሠላሳ ሺህ ደረት ባንዴ ተነሣ፣ ባንዴ ወረደ፤ የባንዲራው ጨርቅ እንኳ በዚያ ልክ የሚውለበለብ መሰለ። ሲጨርሱ «ይበል!» የሚል ድምፅ ወጣ። አንድ ድምፅ ነበር።

የኔታ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ወደ ምንትዋብ ዞሩ።

«ሰማሽ፣ ምንቴ? ስድሳ ዓመት ሙሉ ቆይተው ዛሬ ገና ገባቸው!»

«ሰማሁ፣ የኔታ።»

«ልድገምላቸው እንዴ?»

መልሷን ሳይጠብቁ እንደገና ጀመሩ። ያንኑ ቅኔ፣ ከመጀመሪያው።

ምንትዋብ ወደ ክፍሏ ሸሸች። በሩን ዘግታ፣ ከአደባባዩ የቀዳችውን ለትንፋሽ-ሰፋሪው ሰጠችው። ስለ ሰማዩ ብዙ አላሰላም፤ ከምንጊዜውም ፈጥኖ መለሰ።

«ይህ ሰው ቀድሞ ተመዝግቧል፤ በደቂቃ ስልሳ ስድስት ምት።»

ልቅሶ መጣባት። ደረቷ ሞላ፤ እንባው ዓይኗ ጫፍ ድረስ ወጣ፤ አፏ ተከፈተ። ከዚያ ከአንገቷ አጥንት ሥር አንድ ነገር ያዛት። አራት ሰኮንድ ተኩል ሆነ። አለፈላት።

በመስኮቱ በኩል የኔታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደግሙ ይሰማል። ምንትዋብ ሳታስበው፣ እሳቸው ባቆሙበት ተነፈሰች።