በጎመኑ መደብ ውስጥ ያገኘኋት ድንጋይ

እኔ የመንፈስና የመተት ወሬ ሲነሳ ብድግ ብዬ ዕቃ የማጥብ ሴት ነኝ፣ ከመድኃኔዓለም ሌላ የምፈራው የለኝም እል ነበር፣ ስለዚህ የምነግራችሁን እንደ ተረት አትስሙብኝ።

እዚህ ፈረንጅ አገር አውሮራ ከተማ ባለው ቤታችን ጓሮ ጎመን ልተክል ስቆፍር አንዲት ትንሽ ድንጋይ አገኘሁ፣ ጫፏ ሹል፣ ከሥሯ ግራና ቀኝ ክር ሊታሰርባት ይመስል የተሰረሰረች። መተት ነው፣ ሰው ቀብሮብኝ ነው አልኩ። ያንን መደብ ዓምና አብራኝ የቆፈረችው ከአጥር ማዶ ያለችው ኤርትራዊቷ አብረኸት ናት፣ እመኑኝ፣ ታምሜ ስተኛ ትንሹን ልጄን ትምህርት ቤት ያመላለሰችልኝ ሴት ናት፣ እኔ ግን ድንጋይቷ ላይ ጠበል ረጭቼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ጋራዥ ወረወርኳትና የአብረኸትን ሰላምታ ተውኩ።

ከዚያ ወዲህ ከኤርፖርት የሌሊት ሥራዬ ገብቼ ቀትር ላይ ጋደም ስል፣ ከጓሮ ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ እሰማለሁ፣ ቋ፣ ቋ፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ቋ። ስወጣ ማንም የለም። አንድ ቀን መደቡ ላይ ስለት ያላት ስባሪ ድንጋይ አገኘሁ፣ እሷንም ፌስታሉ ውስጥ ከተትኳት። ይህም የአብረኸት ሥራ ነው አልኩ።

ኮሌጅ የምትማረው ትልቋ ልጄ ማርታ ፌስታሉን አገኘችው።

"ማሚ፣ ዚስ ኢዝ አን አሮውሄድ፣ የቀስት ጫፍ ነው እኮ። ማነው መተት ያለሽ?"

የጥንት ታሪክ አስተማሪዋ ዘንድ ወሰደችኝ። ሴትየዋ በአጉሊ መነጽር አገላብጠው አዩ፣ ጠርዟ ላይ ትንንሽ ልጣጭ የተነሳባቸውን ቦታዎች አሳዩኝ፣ የዚህ አገር የጥንት ሰዎች በሌላ ድንጋይ እየመቱ ለአደን የሠሯት ናት፣ የቀስቱ እንጨት የሚታሰረው እዚህ ላይ ነው አሉ። ከዚያ ስባሪዋን አነሱ።

"ድንጋዩ አንድ ዓይነት ነው፣ ይቺ ግን ገና በቅርቡ ነው የተላጠችው። ማን ነው የሚሠራው?"

ድንጋይቷ መተት እንዳልሆነች ገባኝ። በቀጥታ ሄጄ የአብረኸትን በር አንኳኳሁ።

"መተት ቀበረችብኝ ብዬ ጠርጥሬሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ" አልኳት፣ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ።

"ወገቤን ይዤ የቆፈርኩልሽ ሴትዮ?" አለች አብረኸት። "እኔስ? ቀን ቀን ድንጋይ ስትቀጠቅጪ እየሰማሁ፣ ንዴቷ አልበርድ አላት እያልኩ መስኮት እዘጋለሁ።"

"እኔ አልቀጠቀጥኩም።"

"ታዲያ እኔ ነኝ?"

ይህን ስንባባል ከእኔ ጓሮ መጣ፣ ቋ፣ ቋ። ሁለታችንም እሷ ሳሎን ቆመናል። አብረኸት እጄን ያዘች።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሷ ይቅር ብላኛለች። ድንጋይቷን ግን ልመልሳት ያንኑ ቦታ ስቆፍር ሌላ አገኘሁ፣ በአንድ ወገን የተሳለች፣ ገና ያላለቀች። የድንጋይቷ ባለቤት የወሰድኩበትን ሊተካ ሲሠራ ኖሯል መሰለኝ። ሁለቱንም ከስባሪዋ ጋር ቀብሬ አፈሩን እየመለስኩ "ይቅር በለኝ" አልኩ፣ ለማን እንዳልኩ ግን አላውቅም፣ ቀትር ላይም ድምፁ አልቆመም።