የጎደሉት አርባ አንድ ደቂቃዎች

ጌርቪን ሄስ የሞተው በራሱ የወይን ጠጅ ምድር ቤት፣ ከሦስተኛው በርሜል ሥር ነው። በኪሱ ሻማ ተገኝቷል፤ ክሩን ግን እሳት አልነካውም።

የፖሊስ ኮሚሳር ዲልስ ሻማውን አገላብጣ አየችና ወደ ሮስቪታ ኮልብ ዞረች። ሮስቪታ የወይን ቤቱን ኮምፒዩተሮች የምትጠብቅ ሴት ናት።

«ይህ ለምንድን ነው፣ ወይዘሮ ኮልብ?»

«ጭማቂው ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ሻማው ከጠፋ ይመለሳሉ። ድሮ ማንም ያለ ሻማ አይወርድም ነበር።»

«ዛሬስ?»

ሮስቪታ በሩ አጠገብ ያለውን ስክሪን አሳየቻት። አረንጓዴ መብራት በርቷል፤ ከሥሩ «የጋዝ ማስወጫ ማራገቢያው እየሠራ ነው» ይላል።

«ጌርቪንም ይህን አምኖ ነው የወረደው» አለ የሟቹ ወንድም ፎልክማር። «መዝገቡ ይኸው፤ በየደቂቃው ሠርቷል ይላል፣ አንድም አልዘለለም። የገደለው ልቡ ነው።»

«ሐኪሙ ግን ጋዝ ነው ብለዋል» አለች ዲልስ።

በዚህ መካከል የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን አሰማ። ዲልስ ደወሉ እስኪያበቃ ጠበቀች፤ ከዚያ ስክሪኑን አተኩራ አየች። ስምንት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ ይላል።

«ይህ ሰዓት ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል?»

ሮስቪታ ወደ ስክሪኑ ቀረብ አለች። «ጠዋት ትክክል ነበር።»

«አርባ አንድ ደቂቃ የት ገባ ታዲያ?»

ሮስቪታ የት እንደገባ ታውቃለች። አምቡላንሱ ከመጣ በኋላ ለልጇ ለሊዮባ ብርድ ልብስ ልታመጣ መንገድ ማዶ ወዳለው ቤቷ ስትሮጥ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ክፍት የተወችው ላፕቶፕ ጽሑፍ ይዞ ጠበቃት። የመጀመሪያው መስመር «ማሽኑ ቆሟል» ይላል። ቀሪውን ሳታነብ ክዳኑን ዘጋችው። ማራገቢያውን የሚያዘውን ማሽን ማቆም የሚያውቁት እሷና ሊዮባ ብቻ መስለዋት ነበር።

ዲልስ ሊዮባን ግቢው ውስጥ አገኘቻት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የወይን ቀማሽ ናት። ብርድ ልብሱን ተከናንባለች።

«ጠዋት ከጌርቪን ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«አንድ በርሜል ኮመጠጠና አባረረኝ። ‹ምላስሽ ሞቷል፣ ሂጂ ኮምጣጤ ሽጪ› አለኝ፤ ያውም ሰው ሁሉ ፊት። ስድስት ዓመት በዚህ ምላስ ነው ሽልማት የበላው!»

«ያገኘሽውም አንቺ ነሽ።»

«ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ላይ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የወረድኩት፤ ከመግቢያው ሳየው ጮኼ ሮጥኩ። እማዬ ግቢው ውስጥ ያዘችኝ፣ አምቡላንሱ እስኪመጣም አልለቀቀችኝም።»

ዲልስ ሦስቱንም በቅምሻ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ከምሳ የተረፈው የሽንኩርት ኬክ ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዟል።

«ማሽኑ አልተበላሸም፤ ተኝቶ ነበር» አለች። «የተኛ ሰው ስንት ሰዓት እንዳለፈው አያውቅም። ስለዚህ መዝገቡ ክፍተት የለውም፣ ሰዓቱ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። ወይዘሮ ኮልብ፣ እንዴት ነው የሚተኛው?»

«የማራገቢያው ፕሮግራም አሮጌ ነው» አለች ሮስቪታ። «በአዲሱ ኮምፒዩተር ውስጥ እንደ አሮጌ ኮምፒዩተር እንዲሠራ የፈጠርነው ምናባዊ ማሽን ላይ ነው የሚሠራው። ያንን ማሽን ከውጭ በጽሑፍ እናዘዋለን። የመገናኛ መስመር ሲከፈትለት ሰላም ይላል፤ ሰላምታውን ካልመለሱለት ምንም አይታዘዝም። ከዚያ ‹አቁም› ከተባለ ባለበት ይደርቃል። የመጨረሻው ምስል ስክሪኑ ላይ ይቀራል። ማራገቢያው ግን በየደቂቃው ትእዛዝ ካላገኘ ይጠፋል።»

«የወይን መጭመቂያው እየጮኸ ስለነበር የማራገቢያውን ዝም ማለት ማንም አልሰማም። ጌርቪን አረንጓዴውን አይቶ ሻማውን ሳይለኩስ ወረደ። ማን ነው ይህን የሚያውቅ?» አለች ዲልስ።

«እናትና ልጅ!» አለ ፎልክማር። «እኔ እንኳ ስልኬን የምትከፍትልኝ ሊዮባ ናት።»

«ቢሮ ውስጥ ቁም ሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀትስ?» አለች ዲልስ።

ሮስቪታ ዓይኗን ጨፈነች። እሷ ነበረች የጻፈችው፤ ረስታው ነበር እንጂ። ሰላምታውን፣ ማቆሚያውን፣ ማስቀጠያውን፤ ድንገት ታምሜ ብቀርስ ብላ፣ በትልልቅ ፊደል። የመገናኛ መስመሩንም ያለ ይለፍ ቃል የከፈተችው እሷው ናት፤ ከቤቷ ሆና ማሽኑ በሕይወት መኖሩን ካላየች ምግብ አይወርድላትም ነበር።

«አዎ፣ ሊዮባ ናት የምትችለው» አለ ፎልክማር። «ተባራለች፣ ተሰድባለች።»

ሊዮባ ወደ እናቷ ዞረች። ሮስቪታ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ከዚያ ድንገት ተነሣች።

«እኔ ነኝ መስመሩን የከፈትኩት! በሩ የተከፈተው በእኔ ነው። ላፕቶፔም የቆመበትን ሰዓት መዝግቦታል፤ ደብቄው ነው እንጂ።»

ላፕቶፑ መጣ። ዲልስ መስመሮቹን ጮክ ብላ አነበበች። «ቆሟል፤ ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። ቀጥሏል፤ ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት። ይኸው አርባ አንዱ ደቂቃ። መቆሙን የሚያውቀው ያቆመው ሰው ብቻ ነው፤ ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ላይ ደግሞ ሊዮባ በእናቷ እቅፍ ውስጥ ነበረች። እርስዎስ፣ አቶ ሄስ?»

«ቢሮ ነዋ! አምቡላንስ እየጠራሁ!»

«አምቡላንሱን የጠሩት ሰባት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ ነው፤ ጥሪው ተመዝግቧል። ጩኸቱ በተሰማ ጊዜ ብቻዎን ከወረቀቱ ፊት ነበሩ። ሰኞ ጌርቪን የአባታችሁን የወይን እርሻ ለመሸጥ ሊፈርም ነበር፤ እርስዎ ይህን አልፈለጉም። ወንድምዎ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ፣ እርስዎ መጀመሪያ ሰላምታ የሰጡት ለማሽኑ ነው።»

ፎልክማር በአባቱ እጅ ወደተሠራው ወንበር ተመልሶ ተቀመጠና ፊቱን ሸፈነ። ፖሊሶቹ ወሰዱት።

«ስለ ክፍቱ መስመር መጻፍ ይኖርብኛል፤ ስለ መደበቅዎም» አለች ዲልስ በሩ ላይ ቆማ።

«ይጻፉት» አለች ሮስቪታ።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«እማዬ፣ ላፕቶፑን የዘጋሽው ማሽኑን እኔ ያቆምኩት መስሎሽ ነው?»

«የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው ያየሁት፣ ልጄ። ሁለተኛውን ለማንበብ ፈራሁ።»

ሊዮባ ብርድ ልብሱን ከትከሻዋ አወረደችና በጥንቃቄ አጣጠፈችው። እናቷ እቅፍ ላይ አስቀምጣላት ወጣች።